የእማማ ሱንዶክ ጾም

ጥር 22 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ከስፌት መስመር ወጣሁ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሱሪ ኪስ ስሰፋ ኖሬ ዛሬ የፋብሪካው ባለቤት ሚስተር ባንግ ቢሮው አስጠራኝና፣ «ዙፋን፣ አንተ ጎበዝ ነህ። አንተ ንጹሕ ነህ። አንተ ብዙ ታወራለህ። እናቴ ወሬ ይወዳል» አለኝ። ሰውዬው አማርኛውን የለመደው ከመካኒኮቹ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚለው። ሳቄን እንደምንም ዋጥኩት።

እናቱን ከኮሪያ ያመጣቸው ከጥምቀት በፊት ነው። እዚያ ሲጦራቸው የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሞቶ ሌላ ሰው የላቸውም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አእምሯቸው ደክሟል። ሥራዬ ማብላት፣ ማጠብ፣ ማጫወት። ቤቱ እዚያው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ከኋላ በኩል ነው፤ ትልቅ መስኮት አለው፣ ፀሐይ እንደ ልብ ይገባል፣ የማሽን ጩኸት የለም። ማታ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ወደ ቤቴ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ይሄ ደብተር የተሰጠን ለካይዘን ሥልጠና ነበር። ጃፓናዊቷ አሠልጣኛችን ሚስ ናጋይ፣ «በየቀኑ ያያችሁትን ብክነት ጻፉበት» ብላ አደለችን። እኔ ከመስመሩ ብወጣም ደብተሩን አልመለስኩም። ባሌ ካረፈ ወዲህ ማታ ማታ ወሬዬን የሚቀበለኝ ግድግዳው ብቻ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ «እህ» እንኳ አይልም። እንግዲህ አንተ ደብተር፣ ቻለው።

ጥር 29፣ ማክሰኞ

እማማ ሱንዶክን ወደድኳቸው። ሲያዩዋቸው ሚጢጢ ናቸው፤ ፀጉራቸው ጥጥ፣ እጃቸው የሕፃን እጅ። ሳበጥራቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ስማቸውን ስጠራ አይዞሩም። ልጃቸው ማታ መጥቶ «ኦሞኒ» ሲላቸው (እማዬ ማለት ነው አሉ) ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብለው ያያሉ። ማውራት ግን ያወራሉ፤ ያውም ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ተማሪ። «ምን እያሉ ነው?» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «የኛ ቋንቋ አይደለም። የድሮ ትምህርት ቤት ነው። ተወው» ብሎኝ ወጣ።

ለኔ ሁሉም ያው ነው። እሳቸው በራሳቸው ያወራሉ፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ አንድ ቀን ተኳርፈን አናውቅም። ከስንቱ ጎረቤቴ ጋር በአንድ ቋንቋ እያወራሁ የተኳረፍኩት!

የካቲት 5፣ ሰኞ

ጉድ ነው! ደስታዬን የት ላድርሰው!

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ እማማ ከአልጋቸው ወረዱ። ደጋፊ አልፈለጉም። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት እግራቸውን ገጠሙ፣ እጃቸውን ከጎናቸው አደረጉ፤ ከዚያ ፀሐይ ወደምትወጣበት መስኮት ዞረው ከወገባቸው እጥፍ አሉ። ቆዩ። ቀና ሲሉ አንድ ነገር በቃላቸው ደገሙ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፣ አንድም ቦታ አይሰናከሉም። ስማቸውን የረሱ ሴትዮ!

ወደ ምሥራቅ ነው! ልክ እንደኛ ወደ ምሥራቅ! ለካ ጸሎተኛ ናቸው። የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ አስተውያለሁ፣ አንድ ቀን አላስታጎሉም። ዛሬ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ አጠገባቸው ቆምኩ፤ እሳቸው ሲሰግዱ ሰገድኩ። አልጋቸውንም እግርጌው ወደ መስኮቱ እንዲሆን አዞርኩላቸው።

ለሚስተር ባንግ አልነገርኩትም። እሱ ሠራተኛ የሚያመጡትን ሰርቪሶች ሊቀበል በአሥራ ሁለት ሰዓት ስለሚወጣ አያያቸውም። ሃይማኖት ያለው አይመስለኝም፤ ቢከለክላቸውስ?

ከሥራ ስመለስ ለሐጀራ ነገርኳት። ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያላት የስልጤዋ ወዳጄ ናት፤ የእማማን ሩዝም የምወስደው ከሷ ነው። «ዙፋንዬ፣ ከመስገዳቸው በፊት ይታጠባሉ?» አለችኝ።

«አይ፣ እንደተነሡ ነው።»

«ሲጨርሱስ ፊታቸው ላይ ዕረፍት አለ?»

የነጋዴ ጥያቄ አያልቅም። «አንቺ ደግሞ ሚዛን ላይ ካላወጣሽው አታምኚም» ብያት ገባሁ።

የካቲት 12፣ ሰኞ፤ ዐቢይ ጾም ገባ

አልነገርኳቸውም። በምን ቋንቋ እነግራቸዋለሁ? ቁርስ ሳቀርብላቸው ግን የሩዙን ሳህን በሁለት እጃቸው ገፋ አደረጉት። ጾሙ በገባበት ዕለት! ምሳም ከሾርባው ፉት ብለው ሩዙን ተዉት።

አምናና ካቻምና ብቻዬን ነው የጾምኩት፤ ብቻዬን ሰግጄ ብቻዬን ሽሮዬን በላሁ። ዘንድሮ ጓደኛ ተሰጠኝ።

በር ላይ የጥበቃው የሮሪሳ አባት፣ አባባ ጀቤሳ፣ ፀሐይ ሊሞቁ መጥተው ነበር። ይሄ ግቢ ድሮ የጤፍ ማሳቸው ነበር፤ አንዳንድ ቀን መጥተው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሬዲዮው የሰማዕታቱን ቀን ሲያወራ ሰምተው፣ «ጣሊያን በዚህ በአቃቂ መንገድ መኪናው ባለፈ ቁጥር እጅ አንሥታችሁ ቁሙ ይለን ነበር» አሉኝ። «አንድ ቀን በሬ ስነዳ ሳላነሣ ቀረሁ። ገረፉት።»

«እርስዎን?»

«አባቴን እንጂ! ልጅ ቢገረፍ ይረሳላ። አባቱ ሲገረፍ ያየ ግን አይረሳም፤ ብልጦች ናቸው።»

ጨዋታቸው ደስ ይላል፤ ሩዝ ጥጄ ነበርና እንዳያርብኝ ሮጥኩ።

የካቲት 15፣ ሐሙስ

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም። ከዚያ ትንሽ ሾርባ። ልክ እንደ ጾመኛ!

ሚስተር ባንግ «በልቷል?» አለኝ። «ደህና በልተዋል» አልኩት። ለጾመኛ የሚዋሽ ውሸት ኃጢአቱ ቀላል ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 22፣ ሐሙስ

አልጋ ሳነጥፍ ትራሳቸው ከበደኝ። ብፈታው ሩዝ! በየቀኑ ከሳህናቸው እየቀነሱ በመሐረብ ይጠቀልሉታል፣ መስኮቱ ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ የትራሱ ልብስ ውስጥ ይከቱታል። የሩዝ ድርቆሽ በሉት። ሲያዩኝ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና አንገታቸውን ወደ በሩ ሰበቁ፤ «እንዳትናገሪ» ነው።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጾም ያለ ምጽዋት ምንድነው? ከአፋቸው ቀንሰው ለድሃ ማስቀመጣቸው ነው! እኔ ጤነኛዋ ስንት ዓመት ስጾም የቀነስኩትን ለማን ሰጥቻለሁ?

ከበራቸው መውጣት ስለማይችሉ እኔ እግር ሆንኩላቸው። ትራሱን በፌስታል ገልብጬ ማታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉት ነዳያን በስማቸው አደልኩት። «ማን ልበል?» ያሉኝን «እማማ ሱንዶክ በሉ» አልኳቸው። ስሙን እንደ ምንም ብለው መረቁ። ደስ ብሎኝ በእግሬ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

የካቲት 30፣ ዓርብ

ጥሩ ሳምንት አልነበረም። እማማ ትራሱ ባዶ መሆኑን ካወቁ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ፍራሹን ያነሣሉ፣ ምንጣፉን ይገልጣሉ። በር ሲንኳኳ ግድግዳ ይጠጋሉ። አሁን ያው ሩዝ ከሳህኑ ወደ መሐረቡ ብቻ ነው የሚሄደው፤ አንድ ፍሬ አይቀምሱም። ስግደታቸው ደግሞ በረታ፤ ለሳይረኑ ብቻ ሳይሆን የመኪና ጡሩንባ ሲሰሙም ይነሣሉ።

ለሐጀራ ጾሙ እንደጠናባቸው ነገርኳት። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር፤ ሰው ፊት ጮኸችብኝ። «አንቺ ሴትዮ! ሰማንያ ዓመት ያለፈን ሰው፣ የታመመን ሰው፣ ጹሚ ያለ የየት አገር ሃይማኖት ነው? የኛም አይልም፣ ያንቺም አይልም!»

«በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ አላስገደድኳቸውም።»

«ፈቃዳቸውን ነገሩሽ? በምን ቋንቋ?»

ሩዙን ሳልወስድ ወጣሁ። ሰው ደስታውን ለማንም መንገር የለበትም።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ሳይረኑ ጮኸ፣ እማማ ቆሙ፣ እኔም ቆምኩ። ሰገድን። ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ እኔም አብሬ። አንድ ወር ሙሉ ስሰማው ስለኖርኩ ግማሹን በቃሌ ይዤዋለሁ። ቀና ስል ሚስ ናጋይ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ሳይረን ከጮኸ በኋላ ሠራተኛው ማሽኑ ላይ እስኪደርስ ስንት እንደሚፈጅ ልታይ ግቢውን ስትዞር ነው። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል።

ይቺ ልጅ ጎጃም ገጠር ሁለት ዓመት ስላስተማረች አማርኛዋ ከሚስተር ባንግ ይሻላል። «እትዬ ዙፋን» አለችኝ፣ «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«እማማ ናቸዋ! ጸሎታቸው ነው» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ልወጣላት ጀመርኩ። «ዋታኩሺዶሞ ዋ...»

በመስኮቱ እጇን ሰዳ አፌን ያዘችኝ። ልጄ የምትሆን ልጅ!

ከቤቱ ኋላ ወስዳኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጸሎት አይደለም። መሐላ ነው። «እኛ የታላቋ ጃፓን ንጉሠ ነገሥት ተገዢዎች ነን፤ በአንድ ልብ ለግርማዊነታቸው እንታመናለን» የሚል። እሷ ሳትወለድ፣ እኔም ሳልወለድ፣ የሷ አገር የእማማን አገር ይዛ ሠላሳ አምስት ዓመት ገዛች። በእንጨት አፈር ላይ ካርታ ጫረችልኝ፦ ኮሪያ፣ ማንቹሪያ፣ ቻይና፣ ከዚያ ወደ ታች ፊሊፒንስና ጃቫ። በደረሱበት ሁሉ ሰዉን በጠዋት እያሰለፉ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ያሰግዱት ነበር አለችኝ። የኮሪያ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ በእናታቸው ቋንቋ ከተናገሩ ይመታሉ። ስማቸው ሳይቀር በጃፓን ስም ተለወጠ።

«ታዲያ ወደ ምሥራቅ የሚሰግዱት ለምንድነው?» አልኳት፣ ከዚያ አንድ ነገር የማተርፍ ይመስል።

«ከኮሪያ ቶኪዮ በምሥራቅ ስለሆነ ነዋ፣ እትዬ።»

እኔም ተማሪ ሳለሁ በደርግ ጊዜ ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር እንል ነበር። አሁንም አንዱን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ለምን አልረሳሁትም?

ከዚያ ስለ ሩዙ ጠየቅኳት። በጦርነቱ ጊዜ ገበሬው ያመረተውን ሩዝ ለሠራዊቱ ያስረክብ ነበር አለች። የናስ ሳህንና ማንኪያ ሳይቀር ይሰበሰባል። የጎደለበት ወይም የደበቀ አባት ይወሰዳል፣ ይደበደባል። ልጆቹ የሚበሉት የአኩሪ አተር ፋጉሎ ነበር። «እማማ የልጅነታቸው ዘመን ውስጥ ናቸው» አለችኝ። «ሩዙ የሳቸው አይደለም። ሰብሳቢዎቹን እየጠበቁ ነው።»

ነዳያን የበሉት ሩዝ...

ነገ እጽፈዋለሁ።

መጋቢት 5

አልጽፍም።

መጋቢት 10፣ ሰኞ

ሳይረኑ ላይ ሰግደው ቀና ሳይሉ ወደቁ። ሆስፒታል ነን። ግሉኮስ ተሰክቶላቸዋል።

ሐኪሙ፣ «በደንብ የበሉት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?» አለ። ሚስተር ባንግ ቀደመኝና፣ «ትናንት በልቷል። ሁልጊዜ በልቷል። ዙፋን ነግሮኛል» አለው። ሁለቱም አዩኝ።

«አዎ» አልኩ።

አዎ! አሁንም አዎ!

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ

ትናንት ወደ ቤት መለስናቸው። ሐኪሙ በአፋቸው መብላት ካልጀመሩ በቱቦ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ እሱም ብዙ አያስኬድም አለን። ልብሳቸውን ሳወልቅ ትከሻቸው የልብስ መስቀያ ብቻ ነው።

ሳይረኑ ሲጮህ ልነሣ ይላሉ። እኔ ከአሁን በኋላ አብሬ አልሰግድም፤ ልይዛቸው እሞክራለሁ፣ ስይዛቸው ደግሞ ይባስ ይፈራሉ።

ሚስ ናጋይን በምሳ ሰዓት ክበብ ውስጥ ለመንኳት። «አንዴ ገብተሽ ‘ብዪ’ በያቸው። በቋንቋችሁ። ላንቺ እሺ ይላሉ።»

«እሺ እንደሚሉማ አውቃለሁ» አለች። ሻይዋን ማማሰል አቆመች። «አስተማሪ ፊት እንደቆመ ልጅ ሆነው ነው የሚበሉት። እኔ እዚያ አስተማሪ ቦታ ላይ መቆም አልችልም፣ እትዬ። ሚስተር ባንግም ካልፈቀደ ቤቱ አልገባም። አያቴ ወታደር ነበሩ፤ የት እንደነበሩ አንድ ቀን ነግረውን አያውቁም።»

ሰው እየሞተ የምትቆምበትን ቦታ ትመርጣለች! ተናደድኩ። ግን ሳልነሣ፣ እንዲሁ ለማወቅ ያህል መስዬ፣ «‘ብዪ’ በናንተ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ታቤናሳይ» አለች። «እናትም ለልጇ ትለዋለች፤ አስተማሪም ይለዋል። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው።»

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

በሉ። ሦስት ማንኪያ በሉ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

መጀመሪያ በለስላሳ ድምፅ «ታቤናሳይ» አልኳቸው፤ እያጎነበስኩ፣ እጃቸውን እየዳበስኩ። አይተውኝ ማንኪያውን ሳይነኩ ቀሩ። ሁለቴ አልኩ። ሦስቴ አልኩ። ሩዙ ቀዘቀዘ። ያኔ አንድ ነገር ገባብኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ትምህርት ቤት ሳለን ሰልፍ የሚያስይዘን መምህር የነበረው ዓይነት ድምፅ ከሆዴ አወጣሁና «ታቤናሳይ!» አልኩ።

ከአልጋው ዘለው ቆሙ። መቆም የማይችሉ ሴትዮ! «ሃይ!» አሉ፣ «አቤት» እንደማለት። እጃቸው ጎናቸው ላይ ተጣብቆ፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተተክሎ። ከዚያ ማንኪያውን አንሥተው በሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እንባቸው ሳህኑ ውስጥ ይወርዳል፣ አያቆሙም። ቀሚሳቸውንማ አልጽፈውም፤ ከፍርሃት ረጥቦ ነበር።

ሦስት ማንኪያ በልተዋል። ሐኪሙ ቢሰማ ጎበዝ ይለኛል።

ቤቴ መጥቼ ሽሮ ሠራሁ፤ አልወረደልኝም።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ነገርኩት። ሁሉንም። ስግደቱን፣ ጾም መስሎኝ መደበቄን፣ ምጽዋቱን፣ «አዎ» ማለቴን፣ የሐሙሱን ጩኸቴን። ያባርረኛል ብዬ መቀሴንና መዳፌ ላይ የማደርገውን ቅባት ሳይቀር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር የሄድኩት።

ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ባለፋብሪካ ሰውዬ፣ በሸሚዙ። ከዚያ፣ «ዙፋን» አለኝ፣ «እናቴ ሕይወቴን ሙሉ አንድ ቃል ጃፓንኛ አልተናገረም። አንድ! ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ያጠፋል። አሁን ኮሪያኛ ጠፋ፣ የኔ ስም ጠፋ፣ እሱ ቀረ።» ደረቱን መታ መታ አደረገ። «እኔ እየሰማሁ ሸሸሁ። አንተ ግን አብሮ ቆመ።»

«ተሳስቼ ነው የቆምኩት፣ ሚስተር ባንግ።»

«እኔ ደግሞ አውቆ ሸሸሁ።»

እኔ፣ ዙፋን፣ ወሬ አጣሁ።

መጋቢት 26፣ ረቡዕ

ሳይረኑ እንዲቀር አዘዘ። ዛሬ ጠዋት ሮሪሳ በየመስመሩ በር እየዞረ በአፉ ነው ያስገባቸው፤ «ግቡ እንጂ እናንተ! ሰዓት ደረሰ!» እያለ። ልጃገረዶቹ ሳቁበት፣ «ሳይረናችን ጢም አወጣ» እያሉ።

እማማ በአንድ ሰዓት ነቅተው ጠበቁ። ምንም አልጮኸም። ወደ መስኮቱ አዩ፣ ወደኔ አዩ። ከዚያ መልሰው ጋደም አሉ። ከመጡ መጀመሪያቸው ነው።

ሩዙን ግን አልነኩም። ሾርባ ብቻ፣ ያውም ጥቂት።

መጋቢት 30፣ እሑድ፤ ሆሳዕና

ከቤተ ክርስቲያን የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ እንዳለ ወደ ግቢው መጣሁ፤ እሑድም አልተዋቸውም።

ሚስ ናጋይ መጥታ ነበር። ሚስተር ባንግ አስጠርቷት ነው፤ ቤት አይደለም፣ ባዶው የሥልጠና አዳራሽ። ሻይ ሳስገባ ወንበር አራርቀው ተቀምጠዋል። እሱ ወረቀት ይዞ በራሱ ፊደል የምትለውን ይጽፋል። ሲያነበው ታርመዋለች። ሲደግመው ይሳሳታል። አንዴ ብዕሩን ወርውሮ ተነሣ፤ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ። «ድገሚው» አላት። ለሷማ አንቺ ማለት ይችላል ለካ!

«እሷ ትንገራቸው፤ ምን አስለፋዎት?» አልኩት በኋላ።

«ከኔ አፍ ነው የሚሰማው» አለ። «ትእዛዝ አይደለም። ዜና ነው።»

ሚያዝያ 3፣ ረቡዕ

ውሃ ብቻ። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። ሚስተር ባንግ ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ፈሩት፤ ተመልሶ ወጣ። ሱፍ ልብስ ለብሶ ነበር። ሰብሳቢ ይመስላል። እኔ ነኝ የነገርኩት፤ «ነገሩ ልብሱ ነው፣ ሚስተር ባንግ» አልኩት። አልተቆጣም።

ሐጀራ ሱቋ በር ላይ አገኘችኝ። ከተጣላን ወዲህ አልተነጋገርንም። ምንም ሳትል ሩዝ መዘነችና በእጄ አስያዘችኝ። «ዱዓ እያደረግኩላቸው ነው» አለችኝ። ሰው ፊት አቀፍኳት።

ሚያዝያ 5፣ ዓርብ፤ ስቅለት

ዛሬ ስግደት አልሄድኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስቅለት ቀርቼ አላውቅም፤ አገር ምድሩ ቤተ ክርስቲያን ወድቆ ሲሰግድ እኔ ኩሽና ውስጥ ሩዝ ጣድኩ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ፋብሪካው ዝግ ነው፤ ግቢው ጭር ብሏል።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሚስተር ባንግ መጣ። የመካኒኮቹን ቱታ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ግራሶ አለበት። ሚስ ናጋይ አብራው መጥታ ቤቱ ግን አልገባችም። ውጭ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ከእማማ ዓይን ራቅ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ከአልጋው ሥር ተንበረከከ። ወረቀቱን አላወጣም፤ መዳፉ ላይ ጽፎታል። ሳህኑን በመካከላቸው አደረገ። ከዚያ በዚያ በጠላው ቋንቋ፣ እየተኮላተፈ፣ ቃል በቃል ነገራቸው። ምን እንደሚል አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፦ «ሰብሳቢዎቹ ሄደዋል። አይመለሱም። አባት ደህና ነው። ይሄ ሩዝ የራሳችን ነው።»

እማማ አዩት። በሩን አዩ። እንደገና እሱን አዩት፤ ቱታውን፣ ግራሶውን፣ መዳፉ ላይ የተጻፈውን። አንድ ነገር ጠየቁት። አልገባውም። መዳፉን አየ፣ እዚያ ላይ መልስ የለም። ደግመው ጠየቁት። እንደ ሕፃን ወደኔ ዞረ።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። «ምን አሉት?»

ሚስ ናጋይ ፊቷን በእጇ ይዛለች። «‘አንተስ በልተሃል?’ ነው የሚሉት» አለችኝ።

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ «አልበላሁም» ነው።

እማማ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። መሐረባቸውን የሚፈልጉ መሰለኝ። በማንኪያው ሩዙን መሐል ለመሐል ከፈሉት። ተጠንቅቀው፣ አንዱ ወገን እንዳይበልጥ ከዚህ ወደዚያ እያሸጋገሩ ከፈሉት። ግማሹን ወደሱ አዞሩና ማንኪያውን ሰጡት። በላ። እያለቀሰ በላ፣ ሳል ሳል እያለው። አፉን አዩት፤ እስኪውጥ አዩት። ማንኪያውን ተቀበሉና እሳቸውም በሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ቀስ ብለው፣ እያላመጡ። አንዴ እሱ፣ አንዴ እሳቸው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። እማማ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከወገናቸው አንድ ማንኪያ ሞልተው ወደኔ ዘረጉ። አንድ ነገር አሉ። ለዚህስ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ስቅለት ነው። ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ሚስተር ባንግ እንደምጾም ያውቃል፤ «እሱ አይበላም» ሊላቸው አፉን ከፈተ። ማንኪያው አየር ላይ ነው። ክንዳቸው መዛል ጀምሯል፤ እኔ እስክበላ ግን የራሳቸውን እንደማይቀጥሉ ፊታቸው ላይ አየሁ።

ተንበረከክሁና አፌን ከፈትኩ። ጨው የለው፣ ቅመም የለው፤ ለብ ያለ ሩዝ። ዋጥኩት። ያኔ ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

የንስሐ አባቴ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ፣ የሚሰጡኝን እቀበላለሁ። ስግደት ቢሉኝም እሰግዳለሁ። ያን ሰዓት ግን እማማ ሁለተኛውን ማንኪያ ሲዘረጉልኝ እንቢ አላልኩም።